ወለላ ማናት?

ደህና ዋልሽ እህቴ? ሥራ እንዴት ይዞሻል? ተይው ተይው፣ በሩን አትዝጊው፤ ገርበብ ይበል፣ ንፋስ ይግባ። አለቃሽ ውስጥ ናቸው? እንግዲያው አልረብሻቸውም... ካንቺው ጋር እጫወታለሁ።

ምን እያነበብሽ ነው? አሃ፣ ስለ ኮምፒውተር ትእዛዞች አዲስ የወጣችው መጽሐፍ! እኔም አለችኝ። ሟቹ ባለቤቴ እዚሁ ቢሮ ሃያ ዓመት ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የኖረ አይደል፤ ትንሽ ትንሽ ይገባኛል። ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ስትጫኚ፣ ትናንት የተጻፈው ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣል። እንዴት ያለ በረከት ነው! አንዱ ትናንት ይለፋል፣ ሌላው ዛሬ ቀስት ይጫናል... ደግሞ የቃሉን ጅምር ጽፈሽ ታብ የሚሉትን ቁልፍ ስትነኪ፣ የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል። የሰው ጅምር የሚጨርስ ደግ ሰውስ መች ጠፋ? ለቅሶ ቤት ድረስ ይመጣል እኮ።

ለቅሶ ስል... አንድ ትልቅ ሰው፣ አታውቂያቸውም፣ በቀብሩ ማግሥት መጡ። ከእኔ በላይ አለቀሱ። ሲወጡ የባለቤቴን የማስታወሻ ደብተር «ለትዝታ አየት ላድርገው» ብለው ያዙ። ይኸው ዓመቱ፤ አይተው አልጠገቡም። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል?

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይባል የለ? የኔ ሟች የረዘመው እጁ ነው፤ ከሞተ ወዲህ በሰው ስም መጽሐፍ ይጽፋል።

ገጽ አርባን ገለጥሽው? በየቀኑ፣ በሰዓቱ ማሳሰቢያ የሚልከው ትእዛዝ። ምሳሌዋን አንብቢያት እስቲ፦ «ወለላ፣ አሥር ሰዓት ሆነ፤ የደም ግፊት ኪኒንሽን ዋጪ።»

ወለላ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። የቢሮ ማሽኑን እስኪያነሱት ድረስ፣ ከቀብሩ በኋላም ይህችው መልእክት ስልኬ ላይ ትመጣ ነበር...

እኒያ ሰው እንዴት ቢያስቡልኝ ነው ሳይነኳት ያሳተሟት! ደብተሩ ውስጥ «ከመቅዳትህ በፊት የምትቀዳውን አንብብ» የምትልም ምክር ነበረች። እሷ ቀርታለች... ቦታ ጠቧቸው ይሆናል።

ሚስታቸው ግን «ወለላ ማናት?» ብለው ቤቱን ቀውጢ አደረጉት አሉ። ምስኪን እኒያ ሰው! ወይ ውሽማ አለችኝ ይበሉ፣ ወይ ደግሞ... እኔ ሄጄ ብመሰክርላቸው ምን ቸገረኝ? ደብተሩን ይዤ፣ የእጅ ጽሑፉን አሳይቼ። ግን ደብተሩ የታለና?

በይ ልሂድ፤ የኪኒኔ ሰዓት ደረሰ። ለእኒያ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ አለቃሽም ከውስጥ አሜን ይበሉ። ቀናቸው ደርሶ ሲያልፉም፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ታማኝ ወዳጅ ለቅሶ ይድረስላቸው።