በልክ የተሰፋ ነፋስ

ሰው እርጅናን መፍራት ሲጀምር ጥፋቱን ሁሉ በእርጅና ያሳብባል። የሰፈሩ ሰዎች «ባለሜትሩ» የሚሏቸው አዛውንት ልብስ ሰፊም እንዲሁ ሆኑ። አንድ ቀን ጠዋት በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ቀሚስ በብብታቸው ይዘው፣ ሜትራቸውን እንደ ልማዳቸው አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወጣት ልብስ ሰፊ ሲያዘግሙ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምራ በሙያዋ የምትተዳደር ናት። በሕፃንነቷ ለቅጥነቷ «ሽቦ» የሚል ስም ያወጡላት እሳቸው ነበሩ፤ ስሙ እንጀራዋ ሆኖ ቀረ።

«አጎቴ፣ እንዴት አደሩ? ምን ይዘው ነው በጠዋቱ?»

«ውርደቴን ነው የያዝኩት፣ ሽቦ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀሚሱ የልጅ ልጃቸው የሠርግ ልብስ ነው። ገና ዳዴ ስትል «የሠርግሽን ቀሚስ ከእኔ ሌላ ሰው አይሰፋውም» ብለዋት ነበር። ማታ ደረቱን ሰፍተው ጨረሱ፤ ጠዋት ደጃፍ አውጥተው ሲያዩት በነጩ ጨርቅ ላይ የሄደው ክር ቅቤ የመሰለ ቢጫ ሆኖ አገኙት።

«ዓይኔ ከድቶኛል። ሙሽራይቱን መሳቂያ ከማደርጋት ዓይን ላለው ልስጠው ብዬ ነው።»

ሽቦ ቀሚሱን ገልጣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። «ዓይኑ የከዳው ሰው ስፌቱ እንዲህ ቀጥ ይላል? ክሩን በየትኛው መብራት መረጡት?»

«በቤቴ መብራት ነዋ። በጎረቤት መብራት ልመርጥ ኖሯል?»

«እንግዲያው ከመስጠትዎ በፊት ቤቱን ልየው።»

ወደ ክፍሉ እንደ ገቡ ሙቀቱ ተቀበላቸው። መስኮቱ ተዘግቷል። ከኮርኒሱ መሀል አንድ ቢጫ አምፖል ተንጠልጥሏል፤ የስፌት መኪናው ግድግዳውን ተጠግቷል። «እስቲ እንደ ወትሮው ይቀመጡ» አለቻቸው። ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለአምፖሉ ሲሰጡ ጥላቸው መርፌውን ዋጠው።

«ይህን ቀሚስ የሰፋችሁት ለሁለት ነው፣ አጎቴ፤ እርስዎና ጥላዎ። አብዛኛውን የሰፋው ጥላዎ ይመስለኛል።»

ከዚያም ሁለት የክር ጥቅል አንስታ አምፖሉ ሥር ያዘችና ነጩን ይምረጡ አለቻቸው። መረጡ። ደጃፍ ሲወጡ የመረጡት ቢጫው ነበር።

«እኔም እዚያ ውስጥ አልለያቸውም» አለች። «ቢጫ መብራት ፊት ሁለቱ መንትያ ናቸው።»

«አንቺም አትለዪም?»

«አልለይም።»

«በዚህ ዕድሜሽ?» አሉ፤ ደስታቸውን ሊደብቁ ቢሞክሩም ጢማቸው አጋለጣቸው።

ሽቦ ሐሳቧን ዘረዘረች። በቀኝ እጅ ለሚሰፋ ሰው ነጭ መብራት ከፊት ለፊት በስተግራ ይሰቀላል፤ ያን ጊዜ የእጅ ጥላ ከመርፌው ይሸሻል። ቢጫው ለማረፊያው ጥግ ይበቃል፤ እዚያ ጨዋታ እንጂ ክር አይመረጥም። «ለሙቀቱ ደግሞ የጣሪያ ማራገቢያ እንሰቅላለን።»

«መብራቱን እሺ። ማራገቢያውን ግን ተዪኝ። ‹ከራስ በላይ ነፋስ› ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ነፋሱን ገዝተህ ስቀለው ያለኝ ግን የለም። አንገቴን መትቶኝ እንደ ጠማማ ስፌት ልቅር?»

«መስኮቱን ለምን ዘጉት?»

«አቧራው ጨርቄን እንዳያቆሽሽ፣ ነፋሱም የወረቀት ልኮቼን እንዳይበትን።»

«ላብዎ ነጭ ሐር ላይ ቢንጠባጠብስ?»

አዛውንቱ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ፎጣ አዩ። «እድፍ ይተዋል» አሉ ዝቅ ብለው። ወዲያው ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ቢወድቅብኝስ? አናቴ ላይ ቢላዋ እየዞረ ልስፋ?» አሉ።

«አጎቴ፣ ኮት በገበሩ ይሰቀላል?»

«የት አባቱ! ይቀደዳል እንጂ።»

«ኮርኒስም የቤት ገበር ነው። እኔ የምሰቅለው ከእሱ በላይ ባለው ወራጅ እንጨት ላይ ነው።»

ሰውን በራሱ ሙያ ቋንቋ ካናገሩት ጆሮው ሳያውቅ ይከፈታል። ባለሜትሩ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠው ቆዩ። ሽቦ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ያለውን ቦታ በጣቷ ብታሳያቸው ግን ብድግ አሉ። «እዚያማ አይሆንም። እኔ ቆርጬ ስጨርስ ጨርቁን እንዲህ ነው የማራግፈው» ብለው ቁራጭ ጨርቅ ከራሳቸው በላይ አወናጨፉ። «ማራገቢያሽ ከነክንዴ ይጠቀልለኛል።»

ሽቦ ሳቀች። «ይህን አላሰብኩትም። ልክ ነዎት፤ ወደ ክፍሉ መሀል እናርቀው።»

«ልክ ነዎት ማለት ቀርቶ ልክ ይወሰድ» አሉና ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል ኮርኒስ፣ ከኮርኒስ እስከ ተዘረጋው እጃቸው ለኩ። ማራገቢያው ሲመረጥ ክንፉ ለክፍሉ እንዳይጠብ እንዳይሰፋም የተከራከሩት እሳቸው ነበሩ።

ሽቦ የቤቱን ኤሌክትሪክ ዘግታ መብራቱንም ማራገቢያውንም ሰቀለች። ኃይሉን ስትመልስ ባለሜትሩ ቀድመው የማራገቢያውን ማዞሪያ እስከ ጥጉ ጠመዘዙት። የወረቀት ልኮቹ እንደ ርግብ መንጋ ተነሡ፤ አንድ የእጅጌ ልክ የሽቦ ራስ ላይ አረፈ።

«አላልኩሽም?»

«ክፍሉ ሸሚዝ ሲለምንዎ ካፖርት ለምን ያለብሱታል?» ብላ ማዞሪያውን ወደ ዝቅተኛው መለሰችው። ወረቀቶቹ ረጉ፤ የፎጣው ጫፍ ብቻ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ። ባለሜትሩ ግንባራቸውን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ። ደረቅ ነበር። ያን ዕለት ቢጫውን ክር አንድ በአንድ ፈትተው በነጭ ደግመው ሰፉት።

ሙሽራይቱ ቀሚሱን ልትለካ የመጣች ቀን ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ሻርፑን እስከ ጆሮው ጠምጥሞ ብቅ አለ። ወደ ላይ አይቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ ነገር አይመታህም?»

«ግባ፣ አይነክስም» አሉ ባለሜትሩ፤ የእጅጌውን ጫፍ እየቀመቀሙ። «መብራት ለዓይን ሳይሆን ለሥራው ይመረጣል፤ እኔ አርጅቻለሁ ስል አምፖሌ ነበር ያረጀው። ማራገቢያውን ከገበሩ ሳይሆን ከአጥንቱ ስቀለው፤ እጅህ ከማይደርስበት። አቧራ እንዳይረጭብህ ክንፉን አጥፍተህ ጥረገው። ሽቦውን ግን ለተማረ ስጥ፤ እኔ እንኳ አልነካሁትም።»

ሙሽራይቱ በቀሚሷ ደጃፍ ወጥታ በፀሐይ ዞረች። ፀጉር አስተካካዩ ስፌቱን ፍለጋ ጎንበስ ብሎ ዞራት፤ ክሩ ከጨርቁ አልለይ አለው። ቀና ሲል ሻርፑን እየፈታ ነበር።

«ነፋሱስ?» አለ ለመጨረሻ ጊዜ።

«ነፋስም እንደ ልብስ ነው፣ ወዳጄ፤ በልክ ካልተሰፋ ነው ሰው የሚጎዳው» አሉና ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣሉት። «ና፣ የሱቅህን ኮርኒስ እንለካው።»