ታንኳው ላይ የተጻፈው ስም

ጋምቤላ ያስተምር የነበረው ባለቤቴ በወባ ማረፉን ጎሬ ባረዱኝ ዕለት፣ ከእንባዬ ጋር አንድ ቅሬታ ተናነቀኝ። ደብዳቤዎቹ "ደህና ነኝ" ከማለት አልፈው አያውቁም ነበር። ረስቶኝ ይሆን?

ከአርባው በኋላ ከጓደኛዬ ከየሺ ጋር በጭነት መኪና ጋምቤላ ወረድን፤ የኖረበትን ከተማ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ገበያውን ዞረን ባሮ ወንዝ ዳር ስንደርስ፣ አንድ ታንኳ ላይ "አስካለ" የሚል በቢላ ተቀርጿል። አጠገቡ ያለውም ላይ እንደዚያው።

"አንቺ፣ ታንኳ መቼ ገዛሽ?" አለች የሺ።

የታንኳውን ባለቤት፣ አንድ አኙዋክ ሽማግሌ፣ "አባባ፣ አስካለ ማን ናት?" አልኳቸው።

"እኔ አላውቅም። አስተማሪ እኛን ትልልቆቹን ፊደል ያስተምራል። መጀመሪያ የራስህን ስም ጻፍ አይልም፤ አስካለ ብለህ ጻፍ ይላል። ካላማረ አያሳልፍም። ለምን ስንለው፣ 'ይህን ስም በየቀኑ ማየት እፈልጋለሁ' አለ። እንዲያይ ብለን ታንኳችን ላይ ቀረጽን።"

"አስካለ እኔ ነኝ፤ ሚስቱ" አልኳቸው።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝና ታንኳቸውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "ግቢ፣ ያንቺ ነው" አሉኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ባለቤቴን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።