የሲራራ ምንጭ እና የመምህር ይሄይስ ሽምብራ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው መምህር ይሄይስ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጡ ዕለት መንገድ ጠፍቷቸው ነበር። ልብ በሉ፣ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው።

መስከረም ሰማንያ ዘጠኝ ነው። እኔ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነበር። አዲስ የጂኦግራፊ መምህር ይመጣል ተብሎ ከጠዋት ጀምረን እንጠብቃለን። ሰውየው ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው ወደ ቡሬ በሚሄደው አውቶቡስ መጥተው መገንጠያው ላይ ወረዱ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነው። እዚያ ቆመው ካርታቸውን ዘርግተው ቢያዩ ግን ጉልት አቦ የምትባል ከተማ የለችም። ጋሪ ነጂው ወዴት ነዎት ቢላቸው፣ ወደ ጉልት አቦ ነበርኩ፣ ግን ካርታው ላይ የለችም አሉት።

"እሷ ካርታው ላይ ባትኖር እኛ እንኖርባታለን፤ ይውጡ እንሂድ" አላቸው።

እሳቸው ግን ጋሪ ነጂውን ትተው ካርታውን አመኑ። በተቃራኒው መንገድ በእግራቸው ገሰገሱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለት ገበሬዎች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው እዚህ ግቢ ደረሱ። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህራችን ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና፣ "እንኳን ደህና መጡ፤ ነገ የሚያስተምሩት ስለ አቅጣጫ ነው" አሏቸው።

እኛ ስንስቅ እሳቸው አልሳቁም። ጭቃውን ሳይታጠቡ፣ "ይህችን ከተማ ካርታ ላይ አወጣታለሁ" አሉ። ይህን ጊዜማ ይብሱን ሳቅን። ያን ቀን የሳቅን ሁሉ ዛሬ ይቅርታ እንጠይቃለን። በተለይ እኔ፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየኅዳሩ ምን እንደሚሆን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህር ይሄይስ ኋላ ተሰልፈው ከአቦ ደጅ ይነሡና ከተማዋን ይዞራሉ። ከላይ ከቀዩ አፈር፣ ታች እስከ ዋልካው፣ ከወንዝ እስከ ወንዝ። እሳቸው እርምጃ ይቆጥራሉ። መቶ በሞላ ቁጥር ከቀኝ ኪሳቸው አንድ ሽምብራ አውጥተው ወደ ግራ ኪሳቸው ይከታሉ። መጨረሻ ላይ የግራው ኪስ ይቆጠርና ደብተር ላይ ይሰፍራል። ያለፈውን ዓመት ደብተር አስቀድሞ ማየት ክልክል ነው፤ ያየ ሰው እግሩ ይዋሻል ይላሉ።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ እርስዎ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ልብስ ሲያጥቡ ሽምብራ ለቅመዋል። አንድ ጊዜ ኮቱ ኪስ ውስጥ በቅሎ አገኘሁት ብለውኝ ነበር። እውነት ነው? አዎ እያሉ ነው፤ እዩአቸው።

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሰላም ማለት እንደማይቻልም የማያውቅ የለም። ሰላም ያላቸው ሰው እጃቸው ይነሣበታል፤ ስምንት መቶ ሰባ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ቀብር ስንሄድ እንዲሁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከኋላ የነበሩ እናቶች ዳዊት የሚደግሙ መስሏቸው፣ እንዴት ያሉ መንፈሳዊ ሰው ናቸው እያሉ አደነቁ። ስንመለስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ከሟች ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ስድስት መቶ አርባ" አሉኝ። እኔም ለዚያች ነፍስ አዘንኩላት።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና አላስቀምጣቸውም ነበር። እርምጃ መለኪያ አይደለም፤ ሰው ሲደክመው ያጥራል፣ ሲርበው ይረዝማል እላቸዋለሁ። እሳቸውም መልሳቸው አንድ ነው፦ "ለዚያ ነው በየዓመቱ የምደግመው።"

ደግሞ መለካት ብቻ አልነበረም። ዙሩ በሚያርፍበት ሁሉ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ተማሪ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። ይህች ከተማ መጀመሪያ ላይ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር እንደነበረች፣ ከዚያ የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ውኃ ሊያጠጣ ሲያርፍ ገበያው ወደ ምንጩ እንደወረደ፣ መኪና መንገድ ሲወጣ ደግሞ ወደ መንገዱ እንደተጠጋች የምናውቀው ከዚያ ነው። አክስቴ የምትሸጠው በርበሬ በማን ዘመን ወደዚህ እንደገባ ሳይቀር ደብተሩ ላይ አለ። እማማ ያምሮት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከገበያው በፊት ምንጩ ላይ የአዊ ዘመዶቻቸው ይኖሩ እንደነበር ሲነግሯቸው፣ መምህር ይሄይስ የምንጩን የአዊኛ ስም አስደግመው አስደግመው ከላይ ጻፉት፤ የሲራራ ምንጭ የሚለውን ከሥሩ አደረጉት። ለምን ቢሏቸው፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጻፋል አሉ። እማማ ያምሮት ያን ቀን ተማሪዎቹን ሁሉ እየዞሩ ሳሙ።

ከተማችን እንግዲህ ሁለት ጊዜ ቤቷን ለቅቃለች። ምንጩን ግን ለቅቃ አታውቅም። የቧንቧው ውኃ በመጋቢት ሲጠፋ ግማሹ ከተማ ጄሪካኑን ይዞ የሚወርደው ወዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ስመኘው እንምጣ። ስመኘው፣ አታቀርቅር፤ የስፖርት መምህር አያቀረቅርም።

ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ስመኘው ተማሪዎቹን ሊጠብቅ ከዙሩ ጋር ወጥቷል። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ሞቋቸው መምህር ይሄይስ ኮታቸውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለው ፊታቸውን ሊታጠቡ ወረዱ። ስመኘው ራበው። እጁን ግራ ኪስ ከተተ። ከአቦ ደጅ እስከ ምንጩ አሥራ አንድ ሽምብራ ነው፤ አራቱን በላው። ሰባቱን ምን አዝኖላቸው እንደተዋቸው እስከ ዛሬ አልነገረንም። መምህር ይሄይስ መጥተው ቆጠሩ፤ ሰባት። ሰባት መቶ ብለው ጻፉ፤ ካለፈው ዓመት ደብተር ጋር ሳያስተያዩ ካርታቸውን በዚያው ሣሉት። ምንጩ አራት መቶ እርምጃ ሽቅብ ወጥቶ ከደረቁ ዳገት ላይ ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ የከተማዋን ካርታ አንድ ቅጂ ስጡን አለ። ሰጡ። ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጉልት አቦ ካርታ ላይ ወጣች፤ መምህር ይሄይስ ያን ቀን ለሁላችንም ጠላ ገዙ።

በዓመቱ እንደገና ሲለኩ አሥራ አንድ ሆነ። ሒሳቡን እንድመለከትላቸው ሰጡኝና ልዩነቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስመኘውን ያዝነው፣ አመነ፣ ስቀን ስቀን ልንሞት። መምህር ይሄይስ ግን በማግሥቱ ካርታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና ሣሉት። ወባ አሟቸው ስለነበር፣ "ምሥራቅ፣ አደራ፣ ይህን ለማዘጋጃ ቤቱ አድርሺልኝ፤ አሮጌው መውረዱንም እይልኝ" አሉኝ።

ሽምብራውን የበላው ስመኘው ነው እያልን ስንስቅ ብዙ ዓመት ሆነን። እኔ የሠራሁትን ግን ነግሬያችሁ አላውቅም። ካርታውን ወሰድኩ። ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። እሷም ፋይል ውስጥ አስገባችው። አሮጌው ከግድግዳው መውረዱን ሳላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለስንትና ስንት ጉዳይ እዚያ ቢሮ ተመላልሻለሁ፤ በዚያ ግድግዳ ሥር ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። ፋይሉ ተዘግቶ ቀረ፤ የተሳሳተው ካርታ ተሰቅሎ ኖረ።

ዘንድሮ አዲሱ ፕላን የወጣው ከዚያ ግድግዳ ነው። ምንጩ ዳገቱ ላይ ታጥሮ ተከብሯል፤ ጠብታ ውኃ የሌለበት ቦታ። እውነተኛው ምንጭ ደግሞ ባዶ መሬት ተብሎ ሠላሳ አንድ የቤት ቦታ ተሸንሽኖበታል። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባል የለ? ቦታ ደረሰን ብለው እልል ያሉ ነበሩ። መምህር ይሄይስ ግን እንቅልፍ አጡ፤ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ምስክር ናቸው።

በግንቦቱ ስብሰባ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ላልነበረ ልንገር። መምህር ይሄይስ ተነሥተው ፕላኑ ስሕተት ነው አሉ። የመሬት ባለሙያው ልጅ ክፉ አይደለም፤ በትሕትና ነው የጠየቃቸው።

"መምህር፣ ካርታውን የሣሉት እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማንን ነው የሚከሱት?"

"ራሴን" አሉት። "ስሕተቱ የኔ ነው። ምንጩ ግን የኔ አይደለም፤ በኔ ስሕተት አይወሰድም።"

ኪሴ ውስጥ የነበረ ሽምብራ ጎድሎ ነው አሉ። የማንንም ስም አልጠሩም። ይሄኔ ስመኘው ከኋላ ተነሥቶ የበላሁት እኔ ነኝ አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ባለሙያው ራሱ ሳቀ። ስመኘው፣ ያን ቀን አኮራኸኝ፤ ይህን ደግሞ ከልቤ ነው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። አደራውን የበላችው ምሥራቅ ናት ብለው መናገር ይችሉ ነበር። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

መምህር ይሄይስ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። በዚያ ዝምታዎ ያቃጠሉኝን ያህል ሰው ቢሰድበኝ አያቃጥለኝም ነበር። ዛሬ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። አደራዎን አስረከብኩ ብዬ ጣልኩት። ምስጋናዬ ደግሞ ከይቅርታዬ ይበልጣል። የተወለድኩት እዚህ ነው፤ የእናቴ ቤት ከምንጩ በላይ ነው፤ የተወለድኩበትን አገር ግን ያሳወቁኝ ከፍኖተ ሰላም መጥተው መንገድ የጠፋቸው ሰው ናቸው። እዚህ የተቀመጡት ወጣት መምህራን ግማሾቹ ተማሪዎችዎ ነበሩ። ከምንጩ እስከ ቤታቸው ስንት እርምጃ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ይነግሩዎታል።

ስብሰባው ሲያልቅ የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ፕላን የሚታረመው ተቋም በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው፤ ልኬቱን በኃላፊነት የሚፈርም የተቋሙ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ ሐምሌ አንድ፣ የፊታችን ማክሰኞ ይታያል። መምህር ይሄይስ ደብዳቤውን ጽፈው ፈርመው ወሰዱ። ባለፈው ሳምንት ተመለሰላቸው። ከሰኔ ሠላሳ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ስለማይሆኑ ፊርማዎ አያገለግልም ተባሉ። ሃያ ስምንት ዓመት የረገጡት መሬት ላይ፣ እርስዎን አይመለከትም ተባሉ። ያን ዕለት በዚህ በር ሲገቡ ፊታቸውን አይቻለሁ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

እንግዲህ ይስሙኝ። እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ እኔና ስመኘው፣ ስምንት መምህራንና የቀበሌው ሽማግሎች ሆነን ከአቦ ደጅ ተነሥተን ለካን። ያለፈውን ደብተር አላየንም፤ ሕግዎን ጠብቀናል። ሁላችንም በየራሳችን ቆጠርን። እግራችን አንድ ዓይነት አይደለምና ቁጥሩ ለየቅል ወጣ፤ ግን ከሺህ ሃምሳ የወረደ፣ ከሺህ አንድ መቶ ስድሳ የወጣ አንድም የለም። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤው እንደገና ተጽፏል። ርእሰ መምህራችን አቶ አንዷለም ማኅተም አድርገውበታል። ኃላፊነት የሚወስድ ሠራተኛ በሚለው ላይ የተጻፈው ስም የኔ ነው። ከሥሬ ሃያ ሦስት መምህራን ፈርመዋል። ለጡረታ ገና አሥር ዓመት ይቀረኛል፤ ፊርማዬን አያገለግልም የሚል ካለ እስከዚያ እንከራከራለን።

ደብዳቤውን ይዤ ሄጄ ለጸሐፊ ሰጥቼ አልመለስም። ካርታው ከግድግዳው ሲወርድ፣ ትክክለኛው ሲሰቀል፣ ሚስማሩ ሲመታ ቆሜ አያለሁ። ማክሰኞ ካልሆነ ሐሙስ እሄዳለሁ። እዚህ እንቢ ካሉ ዞን እሄዳለሁ፤ የፍኖተ ሰላምን መንገድ አውቀዋለሁ። በኅዳርም የሰባተኛ ክፍል ዙር አይቀርም። የሒሳብ መምህርት ትመራዋለች። እርምጃ መለኪያ አይደለም እያልኩ ልመራው ነው፤ እንግዲህ ቻሉኝ።

በሉ፣ የያዛችሁትን አንሡ፤ ጠላም ሆነ ለስላሳ። መምህር ይሄይስ፣ እግርዎ አይዛል፤ ዓይንዎ ከሩቅ ይለይ። ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ጋር ምንም ሳይቆጥሩ በእግር የሚንሸራሸሩበት ዕድሜ አምላክ ይጨምርልዎ። ልጆችዎ ይሙሉልዎ፤ ደጅዎ ሰው አይጣ። ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይዘንልዎታል፤ ከፊት ነው። ግን እንዳይነሡ። እስከ ዛሬ ስለኛ ሲናገሩ ኖረዋል፤ የማክሰኞው ንግግር የኛ ነው።

ለመምህር ይሄይስ። ጠጡ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ማንም እንዳይቀር፤ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ስም እጠራለሁ።