ዘጠኝ ቀን ያልታየው ዲስክ

ኧረ ኤዶ በርዋቆ! እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ፣ ከአቧራው ይግቡ። ይኼ ነፋስ እኮ ዘንድሮ ሐርጌሳን ጠራርጎ በርበራ ባሕር ውስጥ ሊከታት ነው መሰለኝ። ማሻአላህ፣ ልብስዎ እንዴት ያምራል! አዲስ ነው አይደል? ይገባል እንጂ፣ ዛሬ ቀኑ የእርስዎ አይደል? እዚህኛዋ ላይ ይቀመጡ፣ ያቺ ወንበር እግሯን ያማታል። ሻይ ልቅዳልዎት፣ የግመል ወተቱ የጠዋት ነው። ሐልዋው ለእንግዶቹ ነው ተብሏል... ለእርስዎ ግን ከዳር ቆረስ አድርጌ... ይኸው፣ ይያዙ፣ ማንም አላየን።

ሽማግሌዎቹ ገና ናቸው። ሐጂ ዋርሳሜ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ነው ያሉት። ያኔ ይሄን የድሮ ድምፅ የሚጠበቅበትን ካሴት ቤት ማን እንደሚመራው ይነገራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይበላል፣ አለቀ። እኔማ ምን ያስቸኩለኛል? አራት ዓመት ሙሉ የሰው ካሴት ሳጸዳ፣ ሳዳምጥ፣ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ የኖርኩ ሴት አንድ ከሰዓት መጠበቅ ያቅተኛል? ደግሞስ እኔ ሂባቅ ማን ነኝ? መሪ የሚሆነው የተማረ፣ ባሕር የተሻገረ፣ እንግሊዝኛው የሚንቆረቆር ነው። እንዲህ ያለውን ደግሞ አላህ ሰጥቶናል። ስም አልጠራም፣ ምን በወጣኝ! ጥሩ ሰውን በስሙ ሲያሞግሱት የሰው ዓይን ይበላዋል። ‘አንድ የማውቀው ሰው’ እንበለው።

‘ኮምፒውተር በእጁ ነው ያደገው’ ብላ ለሐጂ ዋርሳሜ የመሰከረችለት አክስቱ ናት፣ ለሥጋዋ አድልታ ነው የሚሉ አሉ አሉ። እኔ አፋቸውን ነው ያዘጋሁት! ኤዶ ማለት የአባት እህት አይደል? አክስት ለወንድሟ ልጅ ካልመሰከረች ማን ይመስክርለት? ሥራው? ... ሻይዎ ስኳር በቃው?

እንደው ሐሜት እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ የዚያን የሃርድ ዲስክ ነገር ሰምተዋል? አልሰሙም? እንዴ! እንዲህ ያለ ጀግንነት እንዴት ከቤተሰብ ይደበቃል?

ሦስት መቶ አርባ ካሴት የተገለበጠበት አሮጌው ዲስክ፣ ከረመዳን በፊት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ዲስክ ቀጭ ካለ እያጣጣረ ነው፣ ቶሎ ሌላ ላይ ካልገለበጡት ያለው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። ውስጡ የማን ድምፅ እንዳለ ልንገርዎት? የእናትዎ የእማማ ሩን፣ አላህ ይዘንላቸው። በእህትዎ ሠርግ የገጠሙት ግጥም፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ የሚቀበሏቸው። ካሴቷን ራሷን ማጫወቻው ቆራርጦ በልቷት የለ? የእሳቸው ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ ቀጭ የሚል ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ... አይዞዎት፣ ይጠጡ፣ ይቀዘቅዝብዎታል።

ታዲያ አዲስ ዲስክ ተገዛ። የማውቀው ሰው ‘ማንም እንዳይነካው፣ እኔ ነኝ የምገጥመው’ አለ። አቤት ሲገጥም ቢያዩት! መነጽሩን አደረገ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቢስሚላህ ብሎ ሰካው። ኮምፒውተሩ ዝም። ነቅሎ ሰካው። ዝም። አዲስ ዲስክ የሚባል ነገር አላየሁም አለ! ይሄን በመሰለ አዋቂ ፊት እንዲህ ዓይንህን ላፈር ማለት አሁን ደግ ነው? አንጀቴን በላው ወላሂ።

መጀመሪያ አቧራው ነው አለ፤ አጸዳን። ከዚያ መብራቱ ነው አለ፤ ጄኔሬተር አስነሣን። ከዚያ ገመዱ ነው አለ፤ ገመድ ተለወጠ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አሥራ አንድ ጊዜ አጥፍቶ አበራው። የቆጠርኩት ለክፋት አይደለም፣ እሱ ኮምፒውተሩን ሲይዘው እኔ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? አምስተኛው ቀን ላይ የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር በሙሉ አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ዲስኩ ግን ወይ ፍንክች! ከጎኑ ደግሞ አሮጌው... ቀጭ። ቀጭ። እኔ ሲነጋ ‘ዛሬ ሞቶ ባገኘውስ’ እያልኩ ነበር የምመጣው።

ስድስተኛው ቀን ዲስኩን ይዞ ገበያ ወረደ፣ ሻጩ ጉሌድ ጋ። ጉሌድ ሰክቶ ‘ይኸው አለ፣ የዲስኮቹ ዝርዝር ውስጥ ይታያል፣ ገና ስላልተዘጋጀ ነው’ ይለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ‘እንዴት ነው የሚዘጋጀው?’ ብሎ ራሱን ያዋርድ ነበር። የእኛ ግን ‘ለንደን ውስጥ ዲስክ እንዲህ አያደርግም’ ብሎ ነጥቆት ወጣ። ኩራት እንዲህ ነው! ለንደን አሥራ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ቤት ነው የሠራሁት ብሎናል። ውስጥ ይሁን በሩ ላይ... አልጠየቅንም። ጨዋ ሰው ይሄ ይጠየቃል?

ዘጠነኛው ቀን ላይ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፈ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡት ለሐጂ ዋርሳሜ። ‘ዲስኩ ሞቶ ነው የተወለደው’ ይላል። ፈረመበት፣ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው፣ ቁልፉን ላዩ ላይ ረስቶት ለምሳ ሄደ። ከምሳ በኋላ መቼም እስከ ማታ ጫቱ ጋ... ማለቴ ሐሳቡ ጋ ይቀመጣል፣ አይመለስም።

እኔ ምን አውቄ? ሰው የነገረኝን ብቻ ነው የማውቀው። ጉሌድ ጋ ደወልኩና ጠየቅሁት። አዲስ ዲስክ እኮ ኤዶ በርዋቆ፣ አዲስ እንግዳ ማለት ነው። ሰው በራችን ላይ ቢቆም የማን ልጅ ነህ ሳንል እናስገባለን? አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ይቆጥራል እንጂ! ኮምፒውተሩም ዲስኩን አይቶታል፣ ማን መሆኑን ግን የነገረው የለም። ከመሳቢያው አወጣሁት፣ ሰካሁት፣ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ምስኪን፣ ከታች ጥግ ላይ ስም የለው ምን የለው ቁጭ ብሏል። አዘጋጀሁት፣ ፎርማት አደረግሁት፣ መጠሪያ ፊደል ሰጠሁት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ወዲያው ብቅ አለ።

መጀመሪያ ያሻገርኩት የማንን ድምፅ ይመስልዎታል? ... የእናትዎን። ሲያልቅ ከፍቼ ሰማኋቸው፣ ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ፣ እሳቸው ሲስቁ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅዎታለሁ። የቀረውን ፀሐይ እስክትገባ፣ እስከ መግሪብ ገለበጥኩ። በማግሥቱ አሮጌው ጸጥ አለ፣ ዳግም አልተነሣም።

ያ ሰውስ ምን አለ? ጠዋት መጣ፣ አየው፣ መነጽሩን አወለቀ። ‘አየሽ ሂባቅ’ አለኝ፣ ‘ዕረፍት ነበር የፈለገው። መሳቢያ ውስጥ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።’ ሪፖርቱ ላይ አራተኛ ገጽ ጨመረና ‘ካሴቶቹን አዳንኩ’ አለ። ሐጂ ዋርሳሜ እጁን ይዘው መረቁት። እኔ ምን ልበል? ማሻአላህ አልኩ። ሰው ሲመረቅ ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ የአላህን ሥራ ይመልከቱ! የበርበራ እንግዶች ለካሴት ቤቱ ስጦታ ይዘው እየመጡ ነው። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ! ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ እጅ ያልነካው፣ ድንግል። ሐጂ ዋርሳሜ ዛሬ ጠዋት ጠርተውኝ ‘ሹመቱን ከመንገራችን በፊት እንግዶቹ ፊት ይግጠመውና እንይ፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ታግዢዋለሽ’ አሉኝ። እኔ? ኧረ ሐጂ! አልኳቸው። ያ ሰው እጅ ሲገባበት አይወድም። ብቻውን ይተዉት፣ መድረኩ መሐል ይቀመጥ፣ ኮምፒውተሩም ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታይ፣ የኋለኛው ሰው እንዳይቀርበት። ‘እንዴት ያለሽ ቅን ልጅ ነሽ’ ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ለጉሌድም የፊት ወንበር ይዤለታለሁ። የእርስዎ ከአጠገቡ ነው።

እንዴ፣ ወዴት ነው ኤዶ? ሻይዎን እንኳ አልጨረሱትም! ለማን ሊነግሩት ነው? ... ኧረ ይሂዱ፣ ይንገሩት! ‘ዲስኩን መጀመሪያ አዘጋጀው’ ይበሉት። ‘ለንደን ውስጥ እንዲህ አያደርግም’ ይልዎታል እንጂ ሌላ ምን ይላል? ይልቅ ይቀመጡና አብረን ዱዓ እናድርግለት፣ ይሄ ይሻለዋል። እጅዎን ይዘርጉ። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። የልፋቱን ያህል ይክፈለው። የሰው እጅ ከማየት ይጠብቀው፤ በተለይ ዛሬ፣ በተለይ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ አንድም የሚያግዘው ሰው አያስፈልገው።

አሚን ይበሉ እንጂ ኤዶ በርዋቆ!