ጋሽ ልኩና ነርሷ ያመጣችው ንድፍ

ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የልብስ ሰፊ ጠላት ነው። የስፌት መኪናው ያንጎራጉራል፣ በመጋረጃው ሾልኮ የገባው ብርሃን በጨርቁ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ዓይንም ሳይታዘዝ ይከደናል። ጋሽ ልኩንም ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ያልጣማቸውን ሁሉ «ልኬ አይደለም» ብለው ስለሚመልሱ።

የጎረቤታቸው ልጅ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ልትለምን ጎራ ያለችው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ቀሰቀስኩዎ?»

«አይ፣ ዓይኔን እያሳረፍኩ ነው። ቁርጥራጩ ለምንሽ ነው?»

«እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ እየተሰበሰብን ለተማሪ ሴት ልጆች የወር አበባ መጠበቂያ እንሰፋለን። እየታጠበ የሚያገለግል።»

የጋሽ ልኩ እንቅልፍ ብን ብሎ ጠፋ። «ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ! ደንበኛ ቢሰማስ?»

«ቢሰማ ምን ይሆናል? እሱንም ሴት ናት የወለደችው።»

«የሴቶች ጉዳይ ለሴቶች ነው። ልኬ አይደለም።»

ነርሷ እየሳቀች አንድ ወረቀትና አንድ የተሰፋ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ንድፉን የላኩልን ባሕር ማዶ ያሉ ሴቶች ናቸው። እኛም ሠርተን ንድፉን ለሌላ አገር ሴቶች ልናስተላልፍ ቃል ገብተናል። ቋንቋቸውን ስለማናውቅ መስመሩን ብቻ ተከትለን ስልሳ ቆረጥን፤ ሁሉም ጠበበ።»

ጋሽ ልኩ ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። የአርባ ዓመት ሙያ ግን አላስችል አላቸው፤ ሰረቅ አድርገው አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። «በመስፊያው መስመር ላይ ቆረጣችሁት! የስፌት ትርፍ የታለ? ጣት ያህል ወጣ ተብሎ ነው የሚቆረጠው። ወይ የተማረ ሰው!»

«እንግዲያው እርስዎ ይቁረጡልን።»

«ማሳየቱን አሳይቻለሁ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ግን አይሆንም።»

ነርሷ ወረቀቷን ማጠፍ ጀመረች። «ለመሆኑ የልጅ ልጅዎ ደህና ናት? ዛሬ ከተማሪዎቹ ጋር አላየኋትም።»

«ሆዷን አሟት ተኝታለች። ባለፈውም ወር እንዲሁ አራት ቀን… ከዚያ በፊትም…»

ቃላቸው ተቋረጠ። እንዲህ መቅረት ካበዛች ክፍል እንደምትደግም አስተማሪዋ ጽፋላቸዋለች። ልጅቷም ትናንት «ትምህርቱ ይቅርብኝ» ብላ አልቅሳ ነበር፤ እሳቸው ስንፍና መስሏቸው ተቆጧት።

ብርሃኑ ግድግዳው ጋ ደርሷል። እዚያ ብርሃን ውስጥ ታላቅ እህታቸው የቆመች መሰላቸው፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ እንደነበረችው። «ራሴን አመመኝ» እያለች ስትቀር ስትቀር በዚያው የቀረች እህታቸው። ከግማሽ በላይ ባዶ የነበረው ደብተሯ ለእሳቸው ተሰጠ፤ እሳቸውም ደብተር አገኘሁ ብለው ፈነደቁ። ለምን እንደቀረች የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጋሽ ልኩ ምክንያቱን የተረዱት ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉ ወረቀቱን መልሰው እየዘረጉ፣ «ለስላሳ ጥጥ ነው የሚሻለው?»

ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። መቀሱ ሲሄድ ነርሷ ታወራቸዋለች። «አንዲት ልጅ በወር አራት ቀን ባትቀር በዓመቱ ከወር በላይ ትምህርት ታገኛለች። ያን ያህል የተማረች ልጅ ነገ የመድኃኒቷን ወረቀት ራሷ ታነባለች፣ የምትፈርምበትንም አውቃ ትፈርማለች። ጨርቁ ብቻ ግን አይበቃም። ትምህርት ቤቱ በር ያለው፣ ውሃ ያለው የሴቶች መጸዳጃ ክፍል እንዲሠራ ለወላጆች ኮሚቴው ማመልከቻ ጽፈናል።»

«ማን ማን ፈረመ?»

«ሴቶቹ በሙሉ። ወንድ ገና የለም።»

«እስቲ እስክሪብቶውን ወዲህ በይው።»

አመሻሽ ላይ ጋሽ ልኩ ቤታቸው ገብተው የሰፉትን መጠበቂያ ጠቅልለው ከልጅ ልጃቸው አጠገብ አኖሩ። ፈትታ አየችና አንገቷን ደፋች።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሰፉት?»

«እኔ ነኝ።»

«አላፈሩም?»

«አፈርኩ እንጂ» አሉ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፤ «እስከ ዛሬ ባለመስፋቴ።»

ልጅቷ መጠበቂያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ተነስታ ለነገ ዩኒፎርሟን እንዲተኩሱላት ጠየቀቻቸው።