ማጋራትም መመስከር ነው

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ አቶ አለበልና የጎረቤታቸው ልጅ እስከዳር ሳያስቡት ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሳቸው ዐሥራ ስድስት ዓመት የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ ቃላቸው የሚታመን ሰው ናቸው። ልጃቸው ፌስቡክ ካስለመዳቸው ወዲህ ግን የአገር ወሬ ባዩ ቁጥር ሳያጋሩ አያልፉም፤ ይህንንም ለወገን እንደ መድረስ ይቆጥሩታል።

እስከዳር የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። ስለ ጤና፣ ስለ አዝመራ ከተጠያየቁ በኋላ፣ መሬት ለኪው ሙላት ሰሞኑን ለይዞታ ደብተር ማሳ ሲለካ ከገበሬዎች ዱላ ለጥቂት እንደ ተረፈ አጫወተቻቸው። ጌታሰው የሚባለው ገበሬ በትር ያነሣበት «መንግሥት መሬታችሁን ሊቀማ ነው» የሚል ጽሑፍ አይቶ ነው። ያመነውም አቶ አለበል ስላጋሩት ነበር።

አቶ አለበል ደነገጡ፤ ጥፋቱን ግን አልተቀበሉም።

«እኔ አልጻፍሁት፤ ያገኘሁትን አሳለፍሁ እንጂ። ደግሞስ ልጄ፣ ሁለት ሺሕ ሰው ያጋራው ነገር እንዴት ሐሰት ይሆናል?»

እስከዳር ስልካቸውን ተቀብላ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ቀን አሳየቻቸው። የሦስት ዓመት ወሬ ነበር፤ ያውም የሌላ ክፍለ ሀገር።

«ጋሼ፣ ሁለት ሺሑም እንደ እርስዎ ከሌላ የተቀበሉ ናቸው። በችሎትዎ የሰሚ ሰሚ ምስክርነት ይቀበሉ ነበር?»

«አልቀበልም ነበር።»

«ችሎት ላይ ምስክሩ እስኪምል፣ ተከሳሹ እስኪጠየቅ ፋታ አለ። እዚህ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። የሚያናድደው ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናል፤ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ «ሐሰት ነው» ብሎ ያወጣውን ማስተባበያ ያጋሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።»

አዛውንቱ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እያሉ ስንቱን ተሟጋች እንደ ገሠጹ አስበው አፈሩ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙላትን ከጎናቸው አቁመው ለሕዝቡ፣ «ሳላጣራ ያሳትሁአችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ያንኑ ስልካቸው ላይ ጻፉ። የሣቀባቸው ነበር፤ ያጋራላቸውም አልጠፋ። ሙላት ልኬታውን ሲቀጥል ጌታሰው የሜትሩን ጫፍ ይዞለት ዋለ፤ የቁይ ገበሬም የመሬት ይዞታ ደብተሩን በወቅቱ ተቀበለ።

የቁይ ሰው ከዚያ ወዲህ ፖለቲካ መከራከሩን አልተወም። የሚነቅፍ ይነቅፋል፤ የሚደግፍ ይደግፋል። ነገር ግን አስቀድሞ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ የት ይባባላል። ስለዚህ ሙግቱ በእርግጥ በሆነው ነገር ላይ ነው፤ ሲመሽም ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይቀያየም ወደየቤቱ ይገባል።