የውሃ መርማሪው «ጋሼ ዝጋ»

ሟችን ለመሸኘት በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ ወገኖች፣ የሰው መንገዱ ሲያልቅ መነሻውን መተረክ የቀሪ ድርሻ ነውና፣ የእኚህን የውሃ መርማሪ ሕይወት የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእሱ የተሻለ አንባቢ መፈለግ ይገባ ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

ሟች በዚሁ የባሕር ዳርቻ ሠፈር ከዛጎል ለቃሚ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ባሕሩ ለአንድ ሳምንት እንደ ዛገ ብረት ቀልቶ ጠራ፤ አባታቸውም ከጠራው ውሃ የለቀሙትን ዛጎል ቀቅለው በበሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከንፈራቸው፣ ከዚያም እጃቸው፣ በመጨረሻም ትንፋሻቸው ደንዝዞ ሳይመሽ አረፉ። ሟች በዚያን ቀን አኩርፈው ምሳ ባለመብላታቸው ተረፉ።

በእናታቸው የስፌት መኪና ድካም ከፍተኛ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ሌላው በወጣበት ሲቀር እሳቸው ተመልሰው በባሕር ውሃ መመርመሪያ ጣቢያው ተቀጠሩ፤ ሠላሳ አራት ዓመትም ማለዳ ማለዳ ወደ ባሕሩ ከገባው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ባልዲ እየጣሉ፣ ጠብታውን በማጉያ መሣሪያ እያዩ፣ ዓይን የማያያትን፣ ዋቅላሚ የሚሏትን ደቃቅ የባሕር እጽ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ኖሩ። ይህች ዋቅላሚ ሙቀት ሲያገኛት ትባዛለች፣ ባሕሩንም ታቀላለች፤ ዛጎሉ ውሃውን ሲያጠልል መርዟን በሥጋው ያከማቻል፤ ቢቀቅሉትም አይለቅም፤ ባሕሩ ከጠራ በኋላም ሳምንታት ይቆያል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ዛጎል መልቀም እንዲቆም የሚሰቀለውን ቀይ ሰሌዳ የጻፈው ቀለም ቀቢ «ዝግ» በል ቢባል «ዝጋ» ብሎ አረፈው። መሥሪያ ቤቱ ይታረም ሲል ሟች ተዉት፣ ትእዛዝ ሲሆን ይሻላል አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ስማቸውን ረስቶ ጋሼ ዝጋ አላቸው። ሱቅ ሲገቡ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ልዝጋ ወይ እያለ ያስቅባቸው ነበር። ሥራቸው የተሳካ ዕለት የሚሆን ነገር የለም፤ ማንም አይታመምም፣ ማንም አይሞትም፤ ታዲያ ላልመጣ ሞት ማን ያመሰግናል? የቀረበት ገበያ ግን ለሁሉም ይታየው ነበርና ሰርግ ሳይጠሩ፣ ሻይ ቤትም ጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ኖሩ።

የአንባቢውን ታላቅ እህት፣ መምህርቷን፣ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ከዕለታት አንድ እሑድ፣ ሰሌዳው ተሰቅሎ ሳለ፣ ይህን ወረቀት የያዘው ሰው የበኩር ልጁ ፈተና በማለፉ ደስ ብሎት፣ ባሕሩ እንደ መስተዋት ጠርቶ አይቶ፣ ሰሌዳውን ገንጥሎ ጥሎ ሁለት ቅርጫት ዛጎል ለቀመ። ድስቱ ወርዶ፣ ልጆቹ ማንኪያ ይዘው፣ እህቱም ለደስታው መጥታ ሳለ፣ ሟች የወደቀውን ሰሌዳ አይተው እየሮጡ ደረሱ፤ ደኅና ዋላችሁም ሳይሉ ድስቱን አንሥተው ከደጃፉ ደፉት። ይኸው የቤቱ ጌታ በልጆቼ ፊት ተዋረድኩ ብሎ ኮሌታቸውን ይዞ አወጣቸው፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ፣ የሰው እንጀራ መድፋት ሥራህ ነው አላቸው። እህቱ እያለቀሰች ባሏን ተከትላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። እህቱ ስታርፍ ሁለቱ ወንዶች ከመቃብሩ ወዲህና ወዲያ ቆሙ፤ ሟች ብቻ ጠጋ ብለው፣ በለሆሳስ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። እሱ ፊቱን አዞረ፤ ወይ ነዶ!

ሴት ልጃቸው ሩቅ አገር ነበረችና ከዚያ በኋላ ሟች ሬዲዮ ከፍተው ብቻቸውን በሉ። ጡረታ ወጥተው ጣቢያው በማሽን ሲተካም ባልዲያቸውን አልተዉም። ባለፈው ወር በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ፤ አንባቢው ሁለት ቀን እስከ ኮሪደሩ ደርሶ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ቀን አልጋው ተነጥፎ ጠበቀው። በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና፣ ለሚስቱም ያልተናገረውን ዛሬ ይናገራል። በዚያ እሑድ ማግስት ከደጃፉ የተደፋውን የበላችው የቤቱ ድመት ደረጃው ሥር ደርቃ ተገኘች። ሰው ሳይነሣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ቀበራት፤ ለልጆቹ ጠፋች አላቸው። ከአፉ የወጣውን መልሶ መዋጥ አቅቶት፣ እሳቸው ትክክል መሆናቸውን ሳይሰሙ ሄዱ።

ሟች ያተረፏቸው አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ናቸው። ደግሞም በዚያ ማዕድ ዙሪያ የነበሩት፦ ይህን ያነበበው፣ ሚስቱ፣ ዛሬ መምህር የሆነው በኩሩ፣ ነርሷ ልጁ፣ አናጢው ልጁና የመጨረሻዋ፣ ከነልጆቻቸው አሥራ አንድ ነፍስ፣ እነሆ ከፊታችሁ ቆመዋል።

ጋሼ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው። ፈጣሪ ነፍስዎን ከጥሩ ውሃ ዳር፣ ብቻዎን ካልሆኑበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ አሜን።